የጅኖች ቀለብ

ቆሎ አልበላም። ሰው ቤት ሲያቀርቡልኝ "ጥርሴን ያመኛል" እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ጥርሶቼ ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዷ የቢሮ ባልደረባዬ ከቤተሰቦቿ የመጣላትን የስንዴ ቆሎ በየጠረጴዛው እያዞረች ስታዘግን፣ ሽታው ቀድሟት ደረሰና ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። መዳፌ ላይ ሳየው ቀይ መሰለኝ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አገላብጬ አየሁት። ምንም ቀይ ነገር የለውም፣ እንደማንኛውም ስንዴ ነው። ቢሆንም አልቀመስኩትም። "ምነው፣ አልወደድሽውም?" ስትለኝ ያንኑ የጥርሴን ነገር ነገርኳት።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከፊት የአባ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ደግሞ ግቢውና ሁለቱ ክፍሎቻችን። አባ ሩዝ፣ ስኳርና ፓስታ ከወደብ እያስመጣ በጅምላ ይሸጣል። የድሬዳዋ ሰዎች ስለሆንን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ ድሬ እንወጣ ነበር። ያን ዓመት ግን የአባ ሸሪክ ታመመና አባ ሱቁን ጥሎ መሄድ አልቻለም። እናቴ፣ ኡሚ፣ ደግሞ "አንተን እዚህ እሳት ውስጥ ትቼማ አልሄድም" አለች፤ ሁላችንም ቀረን።

የጅቡቲን ሐምሌ ያላየ ሰው ቀትር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሌላ አገር የሚያስፈራው ሌሊቱ ነው፣ እዚያ ግን ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ነፋሱ አሸዋውን ይዞ ይመጣና ፊት ይለበልባል። ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ፍየሎቹ እንኳን ከመኪና ሥር ይገባሉ። ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ እስኪደርሱ ድረስ ከተማው ሰው ጥሎት የሄደ ይመስላል። መብራት በዚያው ሰዓት ይጠፋል። ማራገቢያው ቀስ እያለ ሲቆም ያን ጊዜ ነው ከመጋዘኑ በር ኋላ ኮሽ ኮሽ የሚለውን የምንሰማው። ያን ዓመት አይጥ በዝቶ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን ኮሽታው የአይጥ ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ እንዳላስብ ያደረጉኝም አያ ሙሜ ናቸው።

አያ ሙሜ የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው፤ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ አምስት ወቅት ሰጋጅ፣ ከአባቴ አባት ጀምሮ እኛ ጋ የኖሩ ሽማግሌ። አንድ ቀን ጓንት ያደረገ ሰውዬ መጣና በየጆንያው ክምር ጥግ ዝርግ ዝርግ ሳህኖች አስቀምጦ ሄደ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስንዴ ነው፣ ግን ቀይ፣ እንደ ከረሜላ ቀይ።

"አያ ሙሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የጅኖች ቀለብ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የነካውን ሰው ይቆነጥጡታል። እንዳትጠጊ!"

"ለምን ቀይ ሆነ?"

"ቀይ ነዋ የሚወዱት።"

አሰብኩና "ቢስሚላህ ብዬ ብነካውስ?" አልኳቸው።

አያ ሙሜ ተያዙ። ያ ሁሉ ሶላት የሰገዱ ሰው ቢስሚላህ አይሠራም ሊሉ ነው? ጺማቸውን አሻሹና "ቢስሚላህ ካልሽማ ምን አባታቸው ያደርጉሻል!" አሉ። ወዲያው ደግሞ "ብቻ አትጠጊ" ብለው ጨመሩ። እኔ ግን የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው።

በሳምንቱ የመጋዘኑ ድመት ስኳር ጆንያ ላይ ተጋድማ ሞታ ተገኘች። አፍንጫዋ ሥር አንዲት የደም ጠብታ ደርቃለች። አያ ሙሜ በጅራቷ አንጠልጥለው ሲያወጧት እኔን አይተው "አየሽ?" አሉኝ። አየሁ። ድመት ቢስሚላህ አትልማ፣ አልኩ በልቤ።

አስካለ የቤታችን ሠራተኛ ነበረች፤ ከአርሲ፣ ከበቆጂ በኩል የመጣች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ክፍል ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። ሹሩባ ትሠራኛለች፣ ስትስቅ ድምጿ ሱቅ ድረስ ይሰማል፣ ስትቆጣ ግን ከኡሚ ትብሳለች። እወዳት ነበር። ፈረንሳይኛ አታውቅ፣ ሶማልኛ አታውቅ፣ ዓረብኛ አታውቅ፤ ከግቢ ስትወጣ አፏ እኔ ነኝ። ዓሣ ሻጩ ሲያታልላት "በይ ሰሙዬ፣ ሌባ ነህ በይልኝ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ በጨዋ ፈረንሳይኛ "ትንሽ ተወደደብኝ ትላለች" እለዋለሁ። ሰውየው ይስቃል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ አስካለም ስድቧ የሠራ መስሏት ደረቷን ነፍታ ትመለሳለች። እንዲህ እያለዘብኩ ነበር የምተረጉምላት።

አንድ ነገር ብቻ ይናፍቃታል፣ ቆሎ። "ምን ዓይነት አገር ነው፣ ያልተፈጨ ስንዴ የማይታይበት!" ትላለች። "ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ፓስታ! ጥርሴ ሥራ ፈታ እኮ!"

እኔ ደግሞ ስንዴ የት እንዳለ አውቃለሁ።

አንድ ቀትር አያ ሙሜ ሲያንቀላፉ ገባሁ። ጨለማው ውስጥ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እያልኩ ከየሳህኑ በቀሚሴ ጫፍ ዘገንኩ። ማንም አልቆነጠጠኝም። አስካለ ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"ከየት አመጣሽው?"

"አባ ነው የሰጠኝ።"

በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችውና "አሃ፣ የዘር ስንዴ ነው!" አለች። "እኛም አገር ግብርናዎች ለዘር የሚሰጡን እንዲህ ቀይ ነው። ሲቸግረን ሦስቴ አጥበን እንቆላው የለም እንዴ!" አጠበችው። የመጀመሪያው ውኃ የደም መልክ ነበረው፣ ሁለተኛው ሐምራዊ፣ ሦስተኛው ጠራ ሲል "ይኸው!" ብላ መጥበሻ ላይ አፈሰሰችው። የቀለሙ ሽታ ከቆሎው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ወጥ ቤቱን ሞላው። ለእኔም ዘገነችልኝ፤ ግን የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር፣ መንጋጋዬም እየተነቃነቀ ነው። ሦስት አራት ፍሬ ድዴ ላይ አንከባለልኩና ተፋሁት። እሷ ሳህኑን ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ አመጣላት ጀመር። ጓንት ያደረገው ሰውዬ ሳህኖቹን ሊያይ ሲመጣ "በጣም እየተበላ ነው፣ ጥሩ ነው" እያለ ይሞላቸዋል። እኔም ጅኖቹ እንዳልተቀየሙ በዚህ አወቅሁ።

ወር ሳይሞላ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት አስካለ መፋቂያዋን ከአፏ ስታወጣ ጫፉ ቀልቷል። "ድዴ ተላጠ መሰለኝ" ብላ ተጉመጠመጠች። በማግስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ነካት፤ ቁስሉ የሩዝ ፍሬ አያክልም፣ ግን እስከ ማታ ጨርቅ ሲያርስ ዋለ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ልብስ ስታጥብ ክንዷን አየሁት። ጠቋቁሯል። አራት ሰማያዊ ነጥቦች በተርታ፣ አንድ ደግሞ ከታች። ልክ የጣት አሻራ።

ኡሚ ክንዷን ይዛ "ማነው የመታሽ? ንገሪኝ ብቻ!" አለቻት።

"ማንም አልነካኝም እትዬ። ተኝቼ ስነሳ ነው እንዲህ የሚሆነው።"

እኔ ግን ማን እንደቆነጠጣት አውቃለሁ። የእኔ ጥፋት ምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። ቢስሚላህ የምለው እኔ ነኝ፣ የምትበላው ግን አስካለ ናት፤ አስካለ ደግሞ ክርስቲያን ናት።

"አስኩዬ፣ ስትበዪ ቢስሚላህ በይ" አልኳት።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! አማትቤ አይደል እንዴ የምበላው? በስመ አብ ብያለሁ፣ አይበቃም?"

አይበቃም። የጅቡቲ ጅኖች በስመ አብን ከየት ያውቁታል? ዓረብኛ ነው የሚሰሙት። ይህን ላስረዳት አልቻልኩም፤ ስለዚህ በእሷ ፈንታ እኔው ልልላት ወሰንኩ። ቆሎው ላይ ጎንበስ ብዬ ሰባት ጊዜ ቢስሚላህ እላለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ ድዷ ቀይ ሆኖ ይታያል። እየታመመች ምግብ ስትጠላ የምትቀምሰው ቆሎውን ብቻ ሆነ። እኔም ትጠንክርልኝ ብዬ ጨምሬ አመጣሁላት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጨምሬ ነው ያመጣሁላት።

ነሐሴ ሲገባ የአንድ ዓይኗ ነጭ ደም ለበሰ። በቀትር ሁሉ ሲተኛ እሷ ግቢው ጥግ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥባለች፤ የምን ጨርቅ እንደሆነ ኡሚ አልነገረችኝም፣ ውኃው ግን ሦስቴም ተደፍቶ አይጠራም። ፊቷ አመድ መሰለ። ከግቢው ጥግ እስከ በሩ ስትራመድ ልቧ በቀሚሷ ላይ ሲዘል ይታየኛል። ጎረቤቶች "አንድ ነገር ተከትሏታል፣ ወደ አገሯ ስደጃት" እያሉ ኡሚን መወትወት ጀመሩ። አስካለ ትሞታለች ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም እሷ ከሞተች በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን የምተኛው እኔ መሆኔን አሰብኩ፤ ልጅ ጨካኝ ነው።

ኡሚ በመጨረሻ አደ ሩቂያን አስጠራች። አደ ሩቂያ ዋግምት የሚያደርጉ የድሬ ሴት ናቸው፤ ወገቡን ያመመው፣ ራሱን የከበደው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። አስካለን በደረቷ አስተኝተው ጀርባዋ ላይ ትናንሾቹን ብርጭቆዎች በእሳት አስያዙ፣ ቆዳው ሲያብጥ በምላጭ ጫር ጫር አደረጉና ብርጭቆዎቹን መልሰው ደፉበት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሻዩ ሲያልቅ ደሙ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ጉበት ረግቶ መነሳት አለበት፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሻዩ አለቀ። አደ ሩቂያ አንዱን ብርጭቆ አነሱት። ደሙ ገና ቀጭን ነው፣ ይዋልላል። መልሰው አስቀመጡትና ሌላ ሻይ ጠየቁ። ሁለተኛውም አለቀ። አሁንም ይዋልላል። ከጫሩት ቦታ ሁሉ ደግሞ ቀጫጭን መስመር እየሠራ ይወርዳል። የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት፣ ቡናውን ይዞት ወረደ። ጨርቅ ጫኑበት፣ ጨርቁ ራሰ። አደ ሩቂያ ወደ ኡሚ ዞሩ።

"አርባ ዓመት ሠርቻለሁ" አሉ ኡሚን። "ያልረጋ ደም አይቼ አላውቅም። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ተነሺ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት!"

በታክሲ ሄድን። ኡሚ ሶማልኛና ዓረብኛ እንጂ ፈረንሳይኛ ስለማትችል እኔም ተወሰድኩ። ክፍሉ ነጭ፣ ቀዝቃዛና የአልኮል ሽታ ያለበት ነው። ዶክተሯ ሴት ናት፤ አማርኛ ቀርቶ ሶማልኛም አታውቅም። ኡሚ ለአባ ስልክ ልትደውል ወጣች። ከዚያ በኋላ በአስካለና በዶክተሯ መካከል የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዶክተሯ ከአስካለ ክንድ ደም ቀዳችና በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርጋ በመዳፏ ጨብጣ ቆመች፣ ሰዓቷን እያየች። ብዙ ከቆየች በኋላ ቱቦውን ዘንበል አደረገችው። ደሙ እንደ ሻይ ፈሰሰ።

"እባብ ነድፏት ያውቃል?" አለችኝ፤ ተረጎምኩ። አልነደፋትም። "የልብ ሕመም ነበረባት? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች?"

"ልቤ ደህና ነበረች" አለች አስካለ ዓይኗን ሳትገልጥ። "አሁን ነው እንዲህ የምትሮጠው። ኪኒንም አላውቅ።"

ዶክተሯ አሰበችና "ቤታችሁ አይጥ አለ?" አለችኝ። "አይጥ የሚገድል መርዝስ? አንዳንዴ እህል ይመስላል።" እንዳልገባኝ አይታ ከኪሷ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች፣ ወረቀት ላይ ትንንሽ ፍሬዎች ሣለችና አቀለመቻቸው። "እንዲህ። ይህን የበላ እንስሳ ደሙ አይረጋም። ትንሽ ቢነካው እንኳን እስኪሞት ይፈስሳል።"

ድመቷ ትዝ አለችኝ። የመፋቂያው ጫፍ ትዝ አለኝ። ጅን የሚባል ነገር ከመጋዘናችን በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሄደ፤ በምትኩ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ የቆመች አንዲት ልጅ ቀረች። ጅን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"አስኩዬ" አልኩ በአማርኛ፣ "ስንዴው መርዝ ነው። የአይጥ ነው። አባ አልሰጠኝም፣ እኔ ነኝ የሰረቅሁት። ጅኖች እንዳይነኩሽ ቢስሚላህ ብዬበት ነበር እኮ!"

ዶክተሯ ትጠብቃለች። አስካለ ዓይኗን ገለጠች፣ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"አንቺስ በልተሻል?" አለችኝ።

"አራት ፍሬ። ጥርስ የለኝማ።"

እፎይ አለች። ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ መልሳ አየችኝ። "አባትሽ ቆዳሽን ይገፈዋል" አለች ቀስ ብላ። "ስሚኝ። እኔ ነኝ ከመጋዘን የወሰድኩት በያት። ሰርቄ፣ ቆልቼ በላሁ። ልጅቷም ከእጄ ቀምሳለች፣ እሷንም እዪልኝ በያት። በይ ንገሪያት።"

ከዓሣ ሻጩ ጋር ያለዘብኩት ስንቱን ነው! ስንቱን ቃል አጣምሜ ነው ሰው እንዲወዳት ያደረግሁት! ያን ቀን ግን ዞር አልኩና በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ከመጋዘን ሰርቄ ቆልቼ በላሁ ትላለች፣ አልኩ።

ዶክተሯ ነርሷን ጮክ ብላ ጠራቻት። ከእኔም ክንድ ደም ቀድታ ሌላ ቱቦ ውስጥ አደረገችና ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ጠበቅን። ዘንበል ስታደርጋቸው የእኔው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ረግቷል፤ የአስካለ ግን አሁንም ይፈስሳል። መርፌ ወጓት፣ ደም ሰቀሉላት። ነርሷ ኡሚን በር ላይ አግኝታ የሆነውን ሁሉ በሶማልኛ ነገረቻት። ዶክተሯ ጭንቅላቴን ዳሰሰችና "ጎበዝ አስተርጓሚ ነሽ፣ ሕይወቷን አተረፍሽ" አለችኝ። ይህን ለአስካለ አልተረጎምኩላትም።

አስካለ ተረፈች። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ድዷ መድማት አቆመ፣ ክንዷ መጀመሪያ አረንጓዴ ከዚያም ቢጫ ሆኖ ጠራ። መርዙ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ለወራት የምትውጠው ኪኒን ተሰጣት።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል አባ ጠራኝ። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል፣ አያ ሙሜ አጠገቡ ቆመዋል።

"ሰሚራ" አለኝ፣ "አስካለ መሬት የወደቀ አታነሳም። እኔ ሰው አውቃለሁ። ሆስፒታል በትክክል ምን አለች? አንድ ቃል ሳትጨምሪ ንገሪኝ።"

ቁጣ የለውም። እየለመነኝ ነበር። አያ ሙሜን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ መርዝ ነው ቢሉኝ ኖሮ አልነካውም ነበር፤ እሳቸውም ይህን ያወቁ ይመስለኛል።

"እኔ ነኝ ከመጋዘን የወሰድኩት ነው ያለችው" አልኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

አባ "እንግዲህ" አለ። በማግስቱ የድሬ አውቶቡስ ትኬት ተቆረጠላት። ሻንጣዋን ኡሚ ራሷ አሰረችላት፣ እያለቀሰች፤ ግን ሌባ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። አስካለ በሩ ላይ አጎንብሳ አገጬን ያዘችና አፌን አስከፈተችኝ። ድዴን በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

"እየወጣልሽ ነው" አለች። "ጥርስሽ ሲሞላ በቆጂ ትመጪያለሽ። ንጹሕ ቆሎ ቆልቼ እጠብቅሻለሁ።"

በሚቀጥለው ዓመት የወለቁት ጥርሶቼ ሁሉ ወጡልኝ። በቆጂ ግን እስከ ዛሬ አልሄድኩም።